ቢራቢሮዎች የተሻገሩበት ካርታ

ካርታውን ያሰመሩት አባቴ ናቸው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጬ በዚሁ ነገር ላይ ስለዋሸሁና ውሸቴም አባቴን ሁለት ቀን ጨምሮ ስላሳሰራቸው ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነው። ማብቂያው መሆኑን ግን ያኔ ማንም አያውቅም። የምንኖረው ኮልፌ ነበር። አባቴ አናጢ ናቸው፤ ግቢያችን ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከለለች የሥራ ቤት ነበረቻቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ስድስት ወር ታይፕ ተምሬ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ እያስገባሁ መልስ የምጠብቅ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አንድ ቀን ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት ፈረንጅ በራችንን አንኳኩ። ከእኛ ቤት ወደ ቀራንዮ ገባ ብሎ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት መረብ ይዘው ሜዳ ለሜዳ ሲሄዱ የምናያቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩ ማዳም ይላቸዋል። የተሰባበረ ግን የሚገባ አማርኛ ይናገራሉ። የፈለጉት ጠፍጣፋ ሣጥን ነው፤ ክዳኑ ከመግጠሙ የተነሣ ጉንዳን የማያስገባ። አባቴ አንድ ሠርተው ሰጧቸው። ማዳም በክዳኑና በሣጥኑ መካከል ቀጭን ወረቀት አስገብተው ዘጉትና ወረቀቱን ጎተቱ። አልወጣም። ደግመው ጎተቱ፤ ተቀደደ። በዚያው ቀን ሌሎች ሣጥኖች አዘዙ፤ ታይፕ የሚመታ ሰው ያውቁ እንደሆነም ጠየቁ። አባቴ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ሥራዬ ማዳም በእጃቸው የጻፉትን በእንግሊዝኛ ታይፕ ማድረግ ነበር። ጽሑፉ ስለ ቢራቢሮ ነው። በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ አንድ ዓይነት ወይም የሥጋ ዘመድ የሚመስሉ ቢራቢሮዎች አሉ፤ መካከላቸው ውቅያኖስ ተዘርግቶ እንዴት እዚያም እዚህም ሊገኙ ቻሉ? የማዳም ጥያቄ ይህ ነበር። ሁልጊዜ የሚያነሡት ደግሞ አንዲቱን ትንሽ ቢራቢሮ ነው። ክንፏ እንደተወለወለ መዳብ የሚያብለጨልጭ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ናት። ማዳም መዳብ ይሏታል። ሦስቱም አህጉሮች ላይ አለች። እኛም ደጋ ላይ አለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው በየቦዩ ዳር በሚበቅለው በቱልት ቅጠል ላይ ነው። ቱልቱን እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግጠው ኖሬያለሁ፤ ቢራቢሮዋን ግን ማዳም እስኪያሳዩኝ ድረስ አይቻት አላውቅም።

አንድ ቀን ማዳም ሣጥን ሊወስዱ ሲመጡ፣ አባቴ ራሳቸው ጠየቋቸው። "ይቺ ቢራቢሮ ባሕሩን እንዴት ተሻገረችው?"

ማዳም የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍቅፋቂ በእጃቸው ሁለት ቦታ ከመሩት። "ይሄ ሳይቤሪያ። ይሄ አላስካ። መካከሉ ባሕር ነው፤ ግን ጥልቅ አይደለም። ድሮ ዓለም በጣም ሲበርዳት፣ ውኃው በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ተቀመጠ። ባሕሩ ጎደለ። ታቹ ያለው መሬት ወጣ፣ ሣር በቀለበት።" ፍቅፋቂውን በጣታቸው አገናኙት። "እሷ ሣሩን ተከትላ ሄደች።"

"ያን ሁሉ መንገድ?"

"የለም፣ አንዷም ያን ሁሉ መንገድ አልሄደችም። ልጅ ከእናቷ ትንሽ ራቅ ብላ ተወለደች። የልጅ ልጅ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብላ። እንደዚህ ነው።" ከዚያም በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ተመልሶ መንገዱን እንደዘጋው፣ እዚያና እዚህ የቀሩት ተለያይተው ብዙ ጊዜ ሲኖሩ አንዳንዶቹ ሌላ ዝርያ እንደሆኑ፣ ብርድ የለመዱት ደግሞ ቆላው ሲሞቅባቸው ተራራ ተራራውን ይዘው እንደቀሩ ነገሩን። የእኛዋ መዳብም ከእነዚያ አንዷ ሳትሆን አትቀርም ብለው ያምናሉ።

አባቴ ሃይማኖተኛ ሰው ናቸው። ትንሽ አሰቡና "እግዚአብሔር በበረዶ ድልድይ ሠራላቸው ማለት ነው" አሉ። ማዳም ፈገግ አሉ እንጂ አልተከራከሯቸውም።

ካርታውም የተሠራው በዚያ ሰሞን ነው። ማዳም እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቀጥ ያለ መስመር አይወጣላቸውም። ስለዚህ ነጥቡን እየጠቆሙ፣ አባቴ በመስመሪያቸው በትልቅ ወረቀት ላይ ቀስቶቹን አሰመሩ። ቀዩ ቢራቢሮዎቹ የተስፋፉበት ነው፤ ከእስያ ወደ አሜሪካ፣ ከእስያ ወደ አውሮፓ። ሰማያዊው ወደ ደቡብ የወረዱበት ነው፤ ከእነዚያ አንዱ መጥቶ ኢትዮጵያ ላይ ያርፋል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማዳም እህታቸው መታመማቸው ተጽፎላቸው፣ ለሦስት ወር ወደ አገራቸው ሄዱ። የተከራዩትንም ቤት ስለለቀቁ፣ ሣጥኖቹን፣ ወረቀቱን፣ የጽሕፈት መኪናውንና ካርታውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። "ጉንዳን፣ እርጥበት፣ ፀሐይ" አሉኝ በሦስት ጣታቸው እየቆጠሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ መጀመሪያ የማየው የሣጥኖቹን ጥግ ነበር። ናፍታሊን ጨመርኩ፣ የመደርደሪያውን እግር ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆምኩ፤ ያም ሆኖ ልቤ አላረፈም።

የፈራሁት ግን ጉንዳን ብቻ አልነበረም። እኛ ሰፈሩ ጴንጤ የሚለን ሰዎች ነን። የምንሰበሰብበት አዳራሽ በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ ወዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሃያ የምንሆን ሰዎች እኛ ቤት እየተገናኘን እንጸልይ ነበር። አንዱ ወላይታ ነው፣ አንዷ ጉራጌ፣ ሌላው ከሆለታ በኩል የመጣ ኦሮሞ፤ መምህርም አለ፣ ሸማኔም አለ። መዝሙሩን በለሆሳስ ነው የምንዘምረው። እኔ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ እያደረግሁ መንገዱን አያለሁ። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ እኔ የጂፕ ድምፅ እሰማ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን እተክላለሁ። ጂፕ ሲያልፍ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ጣቴን ከመጋረጃው ላይ አላነሣም።

አንድ እሑድ ድምፁ አልራቀም። በራችን ላይ ቆመ።

አምስት ፖሊሶች ገቡ። የጮኸ ሰው የለም። የሁላችንንም ስም ጻፉ፤ ወንዶቹን በአንድ ወገን አቆሙ። ከዚያ ቤቱን መፈተሽ ጀመሩ። አንደኛው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የተጠቀለለውን ካርታ አወጣና ወለሉ ላይ ዘረጋው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ካርታ ነው" አሉ አባቴ።

"የምን ካርታ?"

"የቢራቢሮ።"

ፖሊሱ የሚያፌዙበት መሰለው፤ ፊቱ ሲቀያየር አየሁ። ካርታውን ጠቀለለ። የጽሕፈት መኪናውን፣ እኔ የመታሁትን ወረቀት በሙሉና ሁለት ሣጥን ጨምረው ወሰዱ። አባቴንና ሌሎቹን ወንዶችም ወሰዷቸው፤ ጂፑ ስለማይበቃቸው አባቴ ያሉበት ግማሹ በእግር ተነዳ። ጎረቤት በየአጥሩ ላይ ሆኖ ያያል። እናቴ የአባቴን ጋቢ ይዛ እስከ መንገዱ ጥግ ተከተለቻቸውና ሰጥታቸው ተመለሰች።

በማግስቱ ታይፕ የምትመታዋ ልጅ ትምጣ ተብዬ ተጠራሁ። የመረመረኝ ሻምበል ነው። ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እርሳሱን እየቀረጸ የሚናገር። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። እንግሊዝኛ ያነባል፤ በእኔ ወረቀቶች ላይ አንዳንድ ቃላትን በቀይ አስምሮባቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወረቀት የሚበትኑበት ጊዜ ነበርና፣ በቤት ውስጥ የጽሕፈት መኪና መገኘቱ ብቻ ሰውን ያስጠይቃል።

"ከሩሲያ ወደ አሜሪካ" አለ፣ ቀዩንና ሰማያዊውን ቀስት በእርሳሱ ጫፍ እየተከተለ። "ከዚህ ደግሞ ወደ እኛ። እነዚህ የሚሻገሩት እነማን ናቸው?"

"ቢራቢሮዎች ናቸው፣ ጌታዬ።"

"መጠጊያ ይላል እዚህ ጋ። ሰፈራ ይላል። ሁለተኛው ወረራ ይላል። ቢራቢሮ ይወራል?"

ማዳም ያን ሁሉ ሲያስረዱ ግልጽ ነበር፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን አንዱም ቃል አልመጣልኝ አለ።

"አባትሽ ይህን ካርታ ያውቀዋል?"

ሳላስብ መለስኩ። "አያውቁም። ማዳም ናቸው ያሰመሩት። አባቴ ሣጥን ብቻ ነው የሠሩት" አልኩ። የጸሎቱ ክስ ይበቃቸዋል፣ ይሄኛው አይጨመርባቸው ብዬ ነው። ሻምበሉ የተናገርኩትን ቃል በቃል ጻፈ፤ ወረቀቱን አዞረልኝ፤ ፈረምኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሌሎቹ ወንዶች ሁሉ ሁለተኛ አንሰበሰብም፣ አንጸልይም ብለው ፈርመው ተለቀቁ። አባቴ አልተለቀቁም። ለምን እንደሆነ የነገረን ተረኛው ፖሊስ ነው፤ ስንቅ ተቀባዩ። እናቴን ወደ ጎን ጠራትና "ልጅቱ አባቴ ካርታውን አያውቁም ብላ ፈርማለች፤ እሳቸው ደግሞ እኔ ነኝ ያሰመርኩት ብለዋል። ሁለቱ ቃል ሲጣረስ ጊዜ ሻምበሉ አንድ የሚደበቅ ነገር አለ አለ" አላት።

እናቴ ባዶውን ሳህን ይዛ ቤት ገባችና ቆማ ጠየቀችኝ። "ምን ብለሽ ነው የፈረምሽው?"

ነገርኳት። ሳህኑን አጠበች። አጥባ ስትጨርስ "ነገ ሄደሽ አስተካክዪው" አለችኝ።

"እኔንም ቢያስሩኝስ?"

"ያስሩሽ ይሆናል" አለች።

እናቴ አታስፈራራም፣ አታባብልም። ያስሩሽ ይሆናል ካለች፣ እውነትም ሊያስሩኝ ይችላሉ ማለት ነው። ሹራቤን ደረብኩ፤ ብታሰር እንዳይበርደኝ ብዬ ሁለት ካልሲ አጠለቅሁ። ረቡዕ ስሄድ ሻምበሉ ለሥራ ወጥቷል፣ ዛሬ አይመለስም አሉኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ድካም ተሰምቶኝ አያውቅም። ጦር ኃይሎች እስከሚባለው ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ፌርማታው ላይ ቆሜ፣ አውቶቡስ መጥቶ ሲሄድ እያየሁ ሳልሳፈር ቀረሁ። የት እንደምሄድ አላወቅሁም። ቤት ብገባ እናቴ ትጠይቀኛለች፤ ጣቢያው በር ላይ ብቆም አባቴ በሆነ ቀዳዳ የሚያዩኝ ይመስለኛል።

ሐሙስ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ በአጥሩ ሥር ቱልት በቅሎ አየሁ። አንዲት መዳብ ብትመጣ ለሻምበሉ አሳየው ነበር፤ ይችው፣ ቀስቱ ያመጣት ይች ናት እለው ነበር። ግን ሰማዩ ደመና ነው፤ ፀሐይ ከሌለ እነሱም አይበርሩም። ተራዬ እስኪደርስ ድረስ ዓይኔን ከቅጠሉ ላይ ሳልነቅል ቆየሁ። ምንም አልመጣም።

ስገባ ሻምበሉ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ማን ጠራሽ?" አለ።

"ማንም አልጠራኝም። ሰኞ ዕለት ዋሽቼ ነው።"

"መዋሸትሽንማ አውቃለሁ። የትኛው ላይ እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።"

"ካርታውን ያሰመሩት አባቴ ናቸው። ሌላው እውነት ነው።"

እርሳሱን አስቀመጠ። "እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምሪ" አለኝ። "ስትጨርሺ አባትሽን አስጠርቼ ያንኑ እጠይቀዋለሁ። እንዳትነጋገሩ። አንድ ሆኖ ካገኘሁት አምናለሁ።"

በዚህ ጊዜ ቃሉ መጣልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት የምደብቀው ነገር ስላለቀ ይሆናል።

"ይህቺን የምታህል ክንፍ ያን ባሕር እንዴት ትሻገራለች?" አለ፣ የወሰዱትን አንዱን ሣጥን ከፍቶ እያየ።

"አልተሻገረችም፣ ጌታዬ። ባሕሩ አልነበረም።"

"ባሕሩ የት ሄዶ?"

"በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ተከምሮ። መሬቱ ተገለጠ፤ ሣር በቀለ፤ ሣሩን ተከተሉ። ወረራ የሚለው ወታደር አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ስላልመጡ ነው፤ ሲበርድ መጡ፣ ሲሞቅ ተቋረጠ፣ እንደገና ሲበርድ ሌሎች መጡ። መጠጊያ የሚለው ደግሞ በረዶው ሲበዛ ያልጠፉበት ቦታ ነው።"

"ስንት ዓመት ፈጀ?"

"እሱን ማዳምም እርግጠኛ አይደሉም። ብዙ ሺህ ይላሉ።"

ጻፈ። ምን እንደጻፈ ማየት አልቻልኩም። ከዚያም ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እንድቀመጥ አደረገኝ፤ በሩን ግን አልዘጋውም። አባቴን አመጧቸው። ጢማቸው አድጓል፤ ቀበቷቸውን ስለወሰዱባቸው ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል። አጠገቤ ሲያልፉ አዩኝ።

"ስለዚህ ካርታ የምታውቀውን ተናገር" ሲላቸው ሰማሁ።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የውኃ ገንዳ ያስቡ። በገንዳው ውስጥ ሁለት ጣውላ ቆሟል፤ ታች በአንድ መረባረቢያ፣ በአግዳሚ እንጨት፣ ተያይዘዋል። ገንዳው ሞልቶ እያለ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ውኃው ሲጎድል ያ የታችኛው እንጨት ይወጣል፤ አንዱ ጣውላ ላይ ያለው ጉንዳን ወደ ሌላው ይሄዳል። ተመልሶ ሲሞላ የሄደው እዚያው ይቀራል፣ ያልሄደው እዚህ። ፈረንጇ ያሉት እንዲህ ነው። ውኃውን ያጎደለው ብርዱ ነው።"

"ቀዩን መስመር ማን አሰመረው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰማያዊውንስ?"

"እሱንም እኔ። ወደ እኛ የሚመጣው ትንሽ ጠምሟል፤ መስመሪያዬ ተንሸራቶብኝ ነው።"

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ። ሻምበሉ ካርታውን እያየ ነበር መሰለኝ። ቀጥሎ ሲናገር አነጋገሩ ተለውጧል፤ አንተ ማለቱን ትቶታል። "ልጅዎ ግን አባቴ አያውቁም ብላ ፈርማልኛለች።"

ወደ ተከፈተው በር ጠጋ አልኩ።

"ፈርታ ነው" አሉ አባቴ። "ለእኔ ብላ ነው የዋሸችው። ስለ እሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ነገሩ በዚያ አላለቀም። ሻምበሉ ሌሎቹ የፈረሙትን ወረቀት አቀረበላቸው። አባቴ ጮክ ብለው አነበቡት፤ አንብበውም "በቤቴ ሰው አልሰበስብም ብዬ እፈርማለሁ። አልጸልይም የሚለውን ግን አልፈርምም" አሉ። ያን ሲሉ አበቃልን ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ከዚያ እርሳስ ሳይሆን ብዕር ሲሮጥ ሰማሁ። ሻምበሉ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሰርዞ "ይፈርሙ" አለ።

ከጣቢያው ስንወጣ ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። አባቴ ቀበቷቸውን መንገድ ላይ እያሰሩ ወጡ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እከተላለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

ቆሙ። "ለእኔ ብለሽ ነው። አልቀየምሽም" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ግን እኔን ሳትጠይቂኝ ለእኔ አትዋሺ። እዚያ ውስጥ ሆኜ አንቺ ምን እንዳልሽ ሳላውቅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የት ላይ እንዳጠፋሁ ሳስብ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንሥተውት አያውቁም።

ዕቃውን የመለሱልን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የጽሕፈት መኪናውም ወረቀቱም ደኅና ነው። ካርታው የለም፤ የት እንደገባ የሚነግረን አላገኘንም። ከሁለቱ ሣጥኖች የአንዱን ክዳን ከፍተው በደንብ ሳይገጥሙት መሬት ላይ አስቀምጠውት ኖሮ ጉንዳን ገብቶበታል። ስፒሎቹና የማዳም ደቃቅ ጽሑፎች በረድፍ በረድፋቸው ቆመዋል፤ ስፒሎቹ ላይ ግን ምንም የለም። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ሳስብ እስኪመለሱ ድረስ እንቅልፍ አጣሁ።

ማዳም ሲመጡ እህታቸውን ቀብረው ነው የመጡት። ሣጥኑን ከፍተው እያዩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቱንም አልተውኩም። ስጨርስ "አባትሽ ደኅና ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ናቸው አልኩ። "እነዚህን ቢራቢሮዎች እንደገና እንይዛለን" አሉ፣ ሣጥኑን ቀስ ብለው እየዘጉ። አባቴም ካርታውን እንደገና አሰመሩላቸው፤ በዚህ ጊዜ የጠመመ መስመር አልነበረውም።

የዚያ ዓመት ሥራ ሲያልቅ ማዳም ለሁልጊዜው ሄዱ። ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል። ከዚያ አገሩ ሲለወጥ ደብዳቤውም ቆመ፤ ጽሑፋቸው ይታተም አይታተም አላወቅሁም።

ማዳም በሄዱ በሦስተኛው ወር ከማመልከቻዎቼ ለአንዱ መልስ መጣልኝ፤ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ሊቀጥረኝ ፈለገ። እንድሞላው ከሰጡኝ ቅጽ ላይ በፖሊስ ተጠርተው ቃል ሰጥተው ያውቃሉ ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ብዕሩን ይዤ ያ መስመር ላይ ቆየሁ። ቅጹን የሰጠችኝ ፀሐፊ ምን እንደገጠመኝ ስትጠይቀኝ ምንም አልኩ። አልተጠራሁም ብዬ ብጽፍ ማን ያውቃል? ያቺ የፈረምኩባት ወረቀት ግን የሆነ መዝገብ ውስጥ አለች። ደግሞም መፍራቱ ሰልችቶኝ ነበር። "አዎ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ምክንያቱን በሦስት መስመር አስረዳሁ።

ኃላፊው ቅጹን አነበበ፣ ሦስቱ መስመሮች ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀና ደግሞ አነበበ። ፋይል ውስጥ ከቶት፣ ሰኞ ሥራ እንድጀምር ነገረኝ። ሰኞ እስኪደርስ ድረስ ሐሳባቸውን ለውጠው ይጠሩኛል እያልኩ ጠበቅሁ። ሰኞ ሄድኩ፤ ጠረጴዛዬን አሳዩኝ፤ ተቀመጥኩ።